ያጋደለው ቦ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ጥዑመ ልሳን ወልደ ሐዋርያት
ሄግ

በቅድሚያ እኔ ኃጥእቷ ሲና፣ የእኅትዎ የእናትዓለም ልጅ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን በደል መፈጸሜን እናዘዛለሁ፦ የእኔ ያልሆነ ፖስታ ከፍቻለሁ። የከፈትሁትም በእንፋሎት ነው። ማንቆርቆሪያው የእናቴ ነው፤ እሷ ግን ንጹሕ ናት።

ፖስታው እርስዎ ለዘመን መለወጫ ለአባባ የላኩት ነው። ደርሷል። ደርሶም እንደ ወንድሞቹ ሁሉ ሳይከፈት የዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ገብቷል። ማኅደሩን ያስታውሱት እንደሆነ፣ ያ ቆዳው የጠቆረ፣ ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ ፖስታ አለ። ዳዊቱ ራሱ ቦታ ጠቦት ወጥቶ፣ ትራሳቸው ሥር ነው የሚያድረው። እንግዲህ የማይነበብ ደብዳቤ ዳዊትን ያህል ነገር ከቤቱ ሲያስወጣ ዝም ብዬ ማየት ነበረብኝ? እርስዎ ይፍረዱ።

አነበብሁት። እውነቱን ልንገርዎና ተናደድሁ። «እንዴት ከረሙ፣ ክረምቱ እንዴት ነበር፣ እኔ ደህና ነኝ» ብቻ! ለዚህ ነው ጣቴን በእንፋሎት ያቃጠልሁት? ከውስጡ ግን ሌላ ወረቀት ወደቀ። ፊደል ብቻ፣ ከሀ እስከ ፐ። ምን ሆነው ነው ግን? ሁሉም በስፋት ተለጥጠዋል፤ ሁሉም ወደ ቀኝ አጋድለዋል፤ ነፋስ የመታው የሸንበቆ አጥር ይመስላሉ። አንዱም ጌጥ የለውም።

አባባን ያውቋቸዋል። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ቁም ጸሐፊ፤ በጣና ደሴቶች ካለው ብራና ግማሹን የጻፉ። ግማሹን የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ እናቴ ሩቡን ነው የምትለው። ይህን ወረቀት ቢያዩት ጠበል ይረጩበት ነበር። ሰው ልጅ ስንት ነው ያለዎት ሲላቸው «አንዲት ሴት» ይላሉ። እናቴን «ጋሼ ጥዑመ ምን አድርጎ ነው?» ስላት «ፊደል አጋድሞ ነው» አለችኝና ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። ሰው ገድሎ ነው ብትለኝ ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ያኔ ምን አደረጉ? ይህስ ወረቀት ምንድን ነው? መልስዎን በስሜ በእናቴ ፖስታ ሣጥን ይላኩልኝ። ኢንተርኔቱ ከክረምት ጀምሮ የለም፤ ስልኩም «እንዴት ናችሁ» ተብሎ ሳያልቅ ይቆረጣል። ስለዚህ እንደ አያቶቻችን በወረቀት ነን።

ፖስታ ከፋችዎ
ሲና


ሄግ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማላውቃት የእኅቴ ልጅ ለሲና፤

ዕድሜሽን የሐይቅ ዳር ዋርካ ዕድሜ ያድርገው። ደብዳቤሽ ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ደረሰኝ። ኃጢአትሽ ተፈቷል፤ ንስሓሽ ግን እኔን «እርስዎ» ማለት መተው ነው። እዚህ ማንም እርስዎ አይለኝም፤ ካንቺ ስሰማው የአባባ ታላቅ ወንድም የሆንሁ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ልመልስ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአባባ ጋር ለአንድ ደሴት ገዳም ዳዊት እንጽፍ ነበር። እሳቸው ታመው ተኙና የመጨረሻዎቹን የብራና ቅጠሎች ለብቻዬ ያዝሁ። እጄ ደክሞ ነበር። ፊደሎቹ ትንሽ ትንሽ እያሉ ወደ ቀኝ ማጋደል ጀመሩ። አየኋቸውና ወደድኋቸው፤ የሚሄዱ መሰሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሆን ብዬ አጋደልሁት፤ አራት ቅጠል ሙሉ። አባባ ድነው ሲነሡ አዩት። «ፊደል ቆሞ ነው የሚጸልየው። የሚያስተኛው ሰው ከደጄ አይደር» አሉ። አላደርሁም። ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሥራዬ ነው። የምኖረው ለኅትመት የሚሆን ፊደል በመንደፍ ነው። ያየሽው ዓይነት ለላቲኑ ከተሠራ ቆይቷል። ሰፊ የሆነው ከሩቅ እንዲነበብ ነው። ያጋደለው የሚሄድ ነገር ላይ ስለሚጻፍ ነው። ጌጥ የሌለው ደግሞ በአጠገብሽ ሽው ብሎ የሚያልፍ ነገር ላይ ጌጥ ማን ያይለታል? የአውቶቡስ ጎን ላይ፣ ማሊያ ላይ፣ አምቡላንስ ላይ፣ «ግማሽ ዋጋ» ብሎ በሚጮህ የሱቅ መስኮት ላይ ታገኚዋለሽ። አሁን አንድ የአገር ቤት አውቶቡስ ድርጅት መኪኖቹ ላይ በአማርኛ ሊጽፍበት ፈልጎ፣ የእኛን ፊደል በዚያው መልክ እንድነድፍ ለእኔ ተሰጠኝ።

ቀላል ይመስላል። ኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ ስትጫኚ ሁሉንም ያጋድላቸዋል። ግን ባን ተመልከቺ፤ ረጅም እግሩ በቀኝ ነው፣ ወደ ቀኝ ቢያጋድልም እግሩ ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል። ቦ ግን ረጅም እግሩ በግራ ነው። ራሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ እግሩ ወደ ግራ ይሸሻል። ይወድቃል። ሶም እንዲሁ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ደክሞኛል፣ ሲና። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላስረከብሁ ኮምፒውተር ያጋደለው ይወሰድና በአገሩ መንገድ ሁሉ ሰካራም ቦ ሲሄድ ይኖራል።

ስለዚህ ልለምንሽ። ልጅ ሳለሁ ሐይቁ ላይ «ደቦ» የምትባል የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ የጀልበኛው የሙሔ አባት ጀልባ። ስሟ በሰፊው፣ አጋድሎ ተጽፎባት ነበር፤ ከዘጌ ስትመጣ ገና ከሩቁ እናነባታለን። ያ ቦ አይወድቅም ነበር። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ጀልባዋ ካለች፣ ስስ ወረቀት አልብሰሽ በከሰል አሽተሽ፣ ልኩን ሳይቀንስ ላኪልኝ።

አባባ እንዴት ናቸው? ይጽፋሉ? ዓይናቸውስ?

አጎትሽ
ጥዑመ


ባሕር ዳር፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ጥዑመ፤

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ስላቆየሁህ ኩርፊያ ካለህ እሱ ይከተል።

በኅዳር የጻፍኸው የደረሰኝ በታኅሣሥ ማለቂያ ነው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እዚህ ሰው «እንዴት ነሽ» ሲባል «አለን» የሚለው እንደ ድሮው ለወጉ አይደለም፤ ቆጥሮ ነው።

ደቦ አለች። ጋሼ ሙሔ ግቢ ውስጥ በአፏ ተደፍታ የዶሮ ቤት ሆናለች። ጋሼ ሙሔ ራሱም ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ዶሮዎቹን በስም ይጠራል። ወረቀትና ከሰል ይዤ ስገባ እንዲህ ተባባልን፦

«የመሪጌታ ልጅ፣ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ጀልባህን ፎቶ ላነሣ።»

«በከሰል?»

«ካሜራዬ የድሮ ነው።»

«በይ አንሺ፤ ዶሮዎቹ ግን ፈገግ አይሉልሽም።»

ሆዴ ላይ ተኝቼ አሸሁት። ቀለሙ በየዓመቱ ስለተደራረበ ወፍሮ ጠርዙ ጥሩ ወጣ። ቦው መሐል ላይ ግን ተላልጧል፤ ዶሮ ሳይለቅመው አይቀርም። ደግሞ ይቅርታ፣ ፊደሎቹን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ነጭ ጭረቶች አሉበት፤ ግራና ቀኝም ነጠብጣብ ነገር ወጥቷል። ደጋግሜ ብሞክርም አልጠፋ አለ። እንጨቱ ላይ ያለ ነው፣ በእኔ እንዳታላክክ። የጋሼ ሙሔ ልጅ ሰሚሐ አዲስ አበባ ስትሄድ ከዚያ ፖስታ ቤት ትልክልሃለች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጋሼ ሙሔን «ማን ነው የጻፈው?» ስለው፣ ያ አፉ የማይዘጋ ሰውዬ ዶሮ ሊያባርር ሄደ። ዶሮዋ የነበረችው በሌላ በኩል ነው።

አባባ ደህና ናቸው። ይጽፋሉ ወይ ላልኸው፣ ብዕራቸው ቀለም ቀንዱ ውስጥ እንደቆመ ነው። ሰላም ብለውሃል።

ሲና


ሄግ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሲና፤

ሰላምታ ሳላበዛ ብጀምር ይቅር በይኝ።

ወረቀትሽን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፤ ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ጭረት ያልሽው ጭረት አይደለም። ቁም ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ብራናውን ግራና ቀኝ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለ ቀለም፣ በደረቁ እየጫረ ያሠምራል። የሳይን ቦርድ ሠሪ በጠመኔና በገመድ ነው የሚያሠምረው። ሳንቃን በወስፌ በስቶ የሚያሠምር ሰው፣ ሳንቃውን እንደ ብራና የቆጠረ ካልሆነ በቀር የለም። ቀዳዳዎቹ በየዳሩ ሰባት ሰባት ናቸው። ሦስተኛዋ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላለች። የአባባ ሦስተኛ ቀዳዳ በብራናቸው ሁሉ ላይ እንዲሁ ነው። ከዚያ እጅ ሥር አሥር ዓመት ተቀምጫለሁ፤ አልስተውም።

አሥራ ስምንት ዓመት፣ ሲና። እኔን በአራት ቅጠል አባረሩኝ። እሳቸው ግን እኔ ሳልወለድ ፊደል አጋድለው ጣና ላይ ለቀዋል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ዳር ቆሜ ሳየውና ስወደው፣ አጠገቤ ቆመው ዝም ብለዋል።

ስማቸው የለበትም። ቁም ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ስሙን ጽፎ ጸልዩልኝ ይላል። ካልጻፈ ሥራውን አልወለድሁትም እንደማለት ነው። ደቦ ላይ ማንም የለም።

ቦው ግን ይገርማል። ራሱ አጋድሏል፣ አጭሩ እግር አጋድሏል፣ ረጅሙ የግራ እግር ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያ ነው የማይጥለው። እኔም ሞከርሁት፤ የእኔው የተሰበረ ወንበር መሰለ። እግሩ ከትከሻው የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው ምስጢሩ፤ ያንን ደግሞ ዶሮሽ ለቅማዋለች። አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ደብዳቤዬን አይከፍትም።

ሌላ ሁለት ነገር። አባባ ለኔ ሰላም አይሉም። ቢለሰልሱ ቢለሰልሱ «ይማረው» ነው የሚሉት። ስለዚህ ሰላምታው ያንቺ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ግን አትድገሚው። ደስ ብሎኝ ውዬ ነበር።

ደግሞ ስለ ዓይናቸው ጠይቄሽ ስለ ብዕራቸው ነው የመለስሽልኝ። ከብልጥ ልጅ የጎደለ መልስ ያስፈራል። ንገሪኝ።

ጥዑመ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ጥዑመ፤

ዛሬ ቀልድ የለኝም፤ ትንሽ ቆይቶ ይመጣ ይሆናል።

አባባ አያዩም። ማለት የሚያዩትን ያያሉ፤ ሰው ሲገባ ያውቃሉ፣ አጥሩን ያያሉ። የዓይናቸው መሐሉ ነው የደበዘዘው። ሐኪሙ ከዕድሜ ነው፣ መነጽር አያድነውም፣ ቀስ እያለ ይብሳል አለ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዳዊቱንም ገልጠው የሚደግሙት በቃላቸው ነው፤ ገጹን የሚገልጡት እኛ እንዳናፍር ብለው ይመስለኛል። እናቴ ጤና ጣቢያ እየሠራች፣ የሰፈሩን ዓይን እያየች፣ የአባቷን መመለስ አልቻለችም። «ለጥዑመ እንዳትነግሪው» ብለው አስምለዋታል። እኔ «አባባ፣ ወንድ ልጅ የለኝም ይሉ የለ? የሌለ ሰው ምን ሊሰማ ነው?» ብላቸው «አንቺን ማን ጠየቀሽ» አሉኝ። እኔን ግን ማስማል ረስተዋል። ሽማግሌ ሁሉ የሚሸነፈው እንዲህ ባለች ቀዳዳ ነው።

ጋሼ ሙሔንም ያዝሁት። «ቀዳዳዎቹን አይቻለሁ፣ ሦስተኛዋ ወደ ውስጥ ገባ ብላለች» ስለው ዶሮ ፍለጋ ሊሄድ ተነሣ፤ በሩ ላይ ቆምሁበት።

«እኔ ምንም አልነገርሁሽም» አለ።

«እሺ፣ ምንድን ነው ያልነገርኸኝ?»

ያልነገረኝ ይህ ነው። በደርግ ጊዜ ነው። መጽሐፍ የሚያጽፍ ጠፍቷል። እናቴ ሕፃን ናት። አባባ ብራና ወጥረው የሚጽፉበት ነገር የላቸውም። የጋሼ ሙሔ አባት አዲስ ጀልባ አሠርቶ መጣና «መሪጌታ፣ ዘጌ ዳር የቆመ ሰው እንዲያነባት አድርገህ ስሟን ጻፍልኝ። የቆመች ሳይሆን የምትሄድ ትምሰል» አላቸው። አባባ ሦስት ቀን እንቢ አሉ። በአራተኛው ቀን ጀልባዋን በሸራ አስከልለው፣ ማንም እንዳያይ ውስጥ ገብተው ጻፏት። ሲወጡ ሰውዬውን በአላህ አስማሉት። ሰውዬው ሲሞት ጀልባዋንም መሐላዋንም ለጋሼ ሙሔ አወረሰ። «ጀልባዋ ሰጠመች ማለት ይቻላል፣ መሐላው ግን እስካሁን አልሰጠመም ነበር» አለኝ። «ሲጨርሱም አንድ ቃል ብለዋል አሉ፦ 'ይህን ልጄ እንዳያየው።' ገና ወንድ ልጅ ሳይኖራቸው!»

ለምን እንዳባረሩህ አሁን የገባኝ ይመስለኛል። አልነግርህም፤ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ አስበው።

አሁን ልመናው የኔ ነው። ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ አይሱዙ በአጠገባችን በረረ። ጀርባው ላይ በትልቁ፣ በሰፊው፣ አጋድሎ «ቀስ በቀስ» ተጽፏል። አባባ ቆሙና «እሱ ግን ቀስ አላለም» አሉ። አነበቡት! እኔ ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ትንንሹ ፊደል ነው የጠፋባቸው፤ እንደ ጀልባ የተጻፈውን ያያሉ። ስለዚህ በብዕር መጻፍህን ተው። በዚያ ባጋደለው ፊደልህ ጻፍላቸው። እያንዳንዱ ፊደል የእጄን መዳፍ ይከል። ቃልም አታብዛ፤ «ክረምቱ እንዴት ነበር» የሚል ነገር ከላክህ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው የምከትተው።

ቶሎ በል። ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው ያለው፣ አይሱዙውም እንዲሁ ነው የሚለው።

ሲና


ሄግ፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሲና፤

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ብዙ ጻፍሁ፣ ሁሉንም ቀደድሁ። ስለ መሐላው ልጠይቅ ነበር፤ ስለ አራቱ ቅጠል ልከራከር ነበር። በመዳፍሽ ልክ ሲጻፍ ግን አንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ቃል ብቻ ነው የሚገባው፣ ክርክርም ብዙ ወረቀት ይፈጃል። ሰፊ ፊደል ሰውን ቁጥብ ያደርጋል ለካ።

የተያያዘው ለእሳቸው ነው። ካልተቀበሉት አትግፊያቸው።

ጥዑመ

(በአራት ትልልቅ ወረቀት፣ በሰፊ፣ ባጋደለ ፊደል)

አባቴ ሆይ፤

ቦ ይወድቅብኛል።

እርስዎ እንዴት አቆሙት?

ልጅዎ


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ጥዑመ፤

እጄ ላይ የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ አባባ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል፣ ሰሚሐም ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ትሄዳለች። ስለዚህ ሰላምታውን ራስህ ሙላው።

ወረቀቶችህ ትናንት ደረሱ። ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። አላነበብሁላቸውም። አራቱን መደባቸው ላይ በተርታ ዘርግቼ፣ መጥረጊያ ይዤ፣ የተጠረገ ቤት ስጠርግ ቆየሁ። አባባ ገቡ። ሊቀመጡ ሲሉ በእጃቸው ዳሰሱት። አነሡት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ከዚያ ድምፃቸውን አውጥተው፣ ልክ እንደ ዳዊት ንባብ እየጎተቱ፣ «አ-ባ-ቴ ሆይ» አሉ።

እኔ በመጥረጊያዬ እጠርግ ጀመር።

«ሲና፣ ማነው ይህን የጻፈው?»

«ማሽን ነው አባባ።»

«ማሽን አባት አለው?»

ሁለተኛውን አነሡ። ሦስተኛውን አነሡ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዩ። «እንዴት አቆሙት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛውን ጊዜ በሹክሹክታ። አራተኛውን አንብበው፣ አጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት።

እኔ ልቅሶ እጠብቅ ነበር፤ ወይ ርግማን። አባባ ግን ሁለተኛውን ወረቀት እንደገና ብርሃን ላይ ይዘው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይህ ቦ ጠላ ቤት አምሽቷል።»

ከዚያ «ወስፌዬን አምጪ» አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ ወስፌ! የእናቴን የቆየ የቀን መቁጠሪያ ገልብጬ ነጩን ጀርባ ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየለኩ በሱት፤ ሰባት በዚህ፣ ሰባት በዚያ። ቆጠርሁ ጋሼ፤ ሦስተኛዋ ገባ ብላለች። በደረቁ አሠመሩና ከዚያ ጭረቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመቃ ብዕር አንድ ቦ ጻፉ። ሰፊ፣ አጋድሎ የሚሄድ፤ አንድ እግሩ ግን ድንኳን ውስጥ እንዳለ ምሰሶ ቀጥ ያለ። መጋጠሚያው እንዲህ ነው፣ ልብ በል፤ በቃላቸው ልጻፍልህ፦ «እግሩን ከትከሻው ጫፍ የሚያወጣው ጀማሪ ነው። ከብብቱ ነው የሚወጣ። ትከሻው ይሂድ፣ እግሩ ከውስጥ ገብቶ ይቁም። ሁሉም ከሄደ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?»

«ለማን ነው የሚያስረዱት አባባ? እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» አልኋቸው።

«ለማሽኑ» አሉኝ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ እኔ የሌለሁ ይመስል «እኔ ለሆዴ ብዬ ነው ያጋደልሁት። እሱ ወዶት አደረገው። ያ ነው ያስፈራኝ» አሉ። ይህን ልጻፍልህ አልጻፍልህ ብዬ ሳስብ ነው ያደርሁት። በተናገሩበት ሰዓት መጥረጊያውን ስላቆምሁ፣ መስማቴን ሳያውቁት አልቀሩም።

አመሻሽ ላይ እናቴ ከሥራ ስትገባ አባባ ማኅደሩን አውርደው፣ አሥራ አንዱን ፖስታ አውጥተው፣ ዳዊቱን ወደ ቤቱ መለሱት። ፖስታዎቹን ለእናቴ ሰጧትና «የሰውዬውን የእጅ ጽሕፈት አይቼ አልፈርድም፣ አይታየኝም። አንቺ አንብቢልኝ። ከፊተኛው ጀምሪ» አሏት። እናቴ የመጀመሪያውን ከፍታ «እንዴት ከረሙ» ከሚለው አላለፈችም። እኔ ነኝ የጨረስሁላት። የዘንድሮው ላይ ስንደርስ አባባ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና «ይህኛው ተከፍቶ ተዘግቷል» አሉ። ሁላችንም ወደ ማንቆርቆሪያው ተመለከትን።

ቦው የተጻፈበትን ወረቀት ግን ከዳዊቱ ጋር ማኅደር ውስጥ ከተው «ማንም እንዳይነካው» ብለዋል። ማንም ውስጥ እኔ እንዳለሁበት በግልጽ ስላልተነገረ፣ አሁን በቀስታ አውጥቼው እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰሚሐ አዲስ አበባ እንደደረሰች ፎቶ አንሥታ በኢንተርኔት ትልክልሃለች፤ ወረቀቱ ራሱ በፖስታ ይከተላል። ፎቶው ከሰኔ መጨረሻ በፊት ይደርስልሃል። ለአውቶቡሱ ድርጅት ንገራቸው፤ ቦው የቆመው በማሽን አይደለም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታውን ምራቅ ነክቼ

ቆይ። መደቡ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ማኅደሩ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ይሰማኛል። አባባ ተነሥተዋል፤ በእጃቸው እየመዘኑት ነው። እኔ ሳልተነፍስ እየጻፍሁ ነው፤ እንዳልሸሽ ወረቀቱ

«ሲና!»

አቤት አልልም።

«ሲና! እጅሽ ላይ ያለውን ፖስታ አትለጥፊው፤ ብዕሬንና ቀለም ቀንዱን ይዘሽ ወዲህ ነይ። ቦው ሥር ስሜን ሳልጽፍበት ወዴት ነው የምትልኪው?»